ከኪኒኑ በፊት የነበረው ቁጥር፦ በአሜሪካ ጦር ላገለገሉ የደም ግፊት ካሳ ማመልከቻና ይግባኝ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ወታደር ጥርሱን ሊታከም በጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ተቀምጧል እንበል። ነርሷ እንደ ደንቡ ግፊቱን ትለካለች፤ 148 በ102። ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ትጽፍና ሐኪም እንዲያየው ትነግረዋለች። ወጣት ነው፣ በየማለዳው ይሮጣል፣ ምንም አያመውም፤ አልሄደም። ዩኒፎርሙን ካወለቀ ከዓመታት በኋላ ሐኪም አምሎዲፒን ያዝለታል፤ ግፊቱም ወደ 126 በ80 ይወርዳል። ያን ጊዜ ካሳ ሲጠይቅ መርማሪው ሐኪም «በአገልግሎት ላይ ሳለ ግፊት እንዳለበት አልተመዘገበም፤ አሁንም በቁጥጥር ሥር ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ጥያቄውም ይወድቃል። በጥርስ መዝገቡ ውስጥ ያለውን 102 የተመለከተ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ቁጥር ተቀብሮ እንዳይቀር ነው። በዲቪ መጥተው ግሪን ካርድ እንደያዙ የአሜሪካን ጦር የተቀላቀሉ ኢትዮጵያውያን አሉ። ማቭኒ በተባለው መርሐ ግብር ደግሞ ከ2009 እስከ 2016 ድረስ በቋንቋቸው ተፈልገው የገቡ ነበሩ፤ አማርኛ ጦሩ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ ነበር። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ወታደሮች ብዙዎቹ ዛሬ ደም ብዛት መታየት በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ናቸው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ሁሉም «ቪኤ» ስለሚለው እኔም እንዲሁ እጠራዋለሁ።

ቪኤ ግፊት የሚለው የትኛውን ነው?

ሐኪምዎ «ግፊት አለብዎት» ሲልና ቪኤ እንዲሁ ሲል የሚጠቀሙበት ልኬት የተለያየ ነው። በ2017 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ግፊትን ከ130 በ80 ይጀምራል። የቪኤ ደንብ ግን የታችኛው ቁጥር በአብዛኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይፈልጋል፤ የታችኛው ከ90 በታች ከሆነ ደግሞ የላይኛው በአብዛኛው 160 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህም ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት። በአንድ ቀን ቀጠሮ የተወሰደ አንድ ልኬት ይዞ የሄደ ሰው «ሕመሙ አልተረጋገጠም» የሚል መልስ ቢደርሰው ምክንያቱ ይህ ነው።

የካሳው መጠን ቪኤ ለሕመሙ በሚሰጠው የጉዳት መቶኛ ይወሰናል። የታችኛው ቁጥር በአብዛኛው 100 ወይም የላይኛው 160 ከደረሰ 10 በመቶ ነው። የታችኛው 110 ወይም የላይኛው 200 ከደረሰ 20፣ የታችኛው 120 ከሆነ 40፣ 130 ከሆነ 60 በመቶ ይሰጣል። ከ20 በመቶ በላይ ያሉት ደረጃዎች የሚታዩት በታችኛው ቁጥር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እርስዎን የሚመለከተው ግን የ10 በመቶው ሁለተኛ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። ግፊትዎ ዛሬ በመድኃኒት ቢወርድም፣ ቀደም ሲል የታችኛው ቁጥር በአብዛኛው 100 ወይም ከዚያ በላይ እንደነበረ ከተረጋገጠና መድኃኒቱን ያለማቋረጥ የሚወስዱ ከሆነ 10 በመቶው ይገባዎታል። ሁለቱም ነገሮች መሟላት አለባቸው። ኪኒን መዋጥ ብቻውን መቶኛ አያሰጥም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በ2016 የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት ማካሮል በተባለው መዝገብ፣ የግፊት ደንብ የመድኃኒትን ውጤት አስቀድሞ ከግምት ያስገባ ስለሆነ «ኪኒኑ ባይኖር ግፊቴ ስንት በሆነ ነበር» ተብሎ እንደማይታሰብ ወስኗል። ስለዚህ ፍለጋዎ ሁሉ ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ወደነበሩት ቀናት ያመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቪኤ ለሚያዘው የሕክምና ምርመራ ቀን ቁጥሩ ከፍ እንዲል መድኃኒታቸውን ለማቆም የሚያስቡ ሰዎች አሉ። እባክዎ አያድርጉት። ከአንጎል የደም ሥር መታወክ በኋላ የሚመጣ ካሳ ለማንም አይጠቅምም፤ ደንቡ ራሱም የድሮውን ቁጥር በመዝገብ የሚያሳዩበትን መንገድ ከፍቶልዎታል።

ለ10 በመቶ ይህን ያህል መድከም ያዋጣል?

በ2025 የ10 በመቶ ካሳ በወር 175.51 ዶላር፣ የ20 በመቶው 346.95 ዶላር ነበር፤ መጠኑ በየታኅሣሡ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል፣ ግብርም አይቆረጥበትም። ሌላ ካሳ ላለው ሰው ግን 10 በመቶ ከዚህ በላይ ሊያመጣ ይችላል። ቪኤ መቶኛዎችን እንደ ተራ ቁጥር አይደምርም። 50 በመቶ ያለው ሰው ጤናማ ተብሎ የሚቀርለት 50 ነው፤ የዚያ 10 በመቶ 5 ስለሆነ ድምሩ 55 ይሆንና ወደ 60 ይጠጋል። በ2025 ተመን የትዳር ጓደኛና ልጅ ለሌለው ሰው በ50 እና በ60 በመቶ መካከል የነበረው ልዩነት በወር 294 ዶላር ገደማ ነበር።

ገንዘቡ ግን አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ደም ግፊት ብቻውን አይቀመጥም፤ ከዓመታት በኋላ ኩላሊትን፣ ልብንና አንጎልን ይጎዳል። ግፊቱ ከአገልግሎት ጋር መያያዙ ዛሬ ከተመዘገበ፣ ነገ በእርሱ ምክንያት የሚመጣው ሕመም በዚያው መስመር ይጠየቃል። የቀድሞው ወታደር በዚህ ሕመም ምክንያት ቢሞት ወይም ግፊቱ ለሞቱ አስተዋጽኦ ካደረገ የትዳር ጓደኛው የተረጂነት ካሳ ለመጠየቅ መሠረት ታገኛለች።

መጀመሪያ ቀኑን ያስይዙ

ወረቀት ከመሰብሰብዎ በፊት ዛሬውኑ የሚሠሩት አንድ ነገር አለ፤ «ለማመልከት አስቤያለሁ» የሚለውን ማሳወቂያ ማስገባት። የቅጹ ቁጥር 21-0966 ነው። በቪኤ ድረ ገጽ ማመልከቻውን ሲጀምሩ ራሱ ይመዘገባል፤ በስልክ ቁጥር 1-800-827-1000 ደውለው ማስመዝገብም ይችላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ ማመልከቻውን ለማስገባት አንድ ዓመት አለዎት። ጥያቄዎ ከተፈቀደ ክፍያው በአብዛኛው ከዚያ ካስያዙት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ሳያስይዙ አሥር ወር ማስረጃ ሲሰበስቡ ቢቆዩ ያን አሥር ወር ራስዎ ተዉት ማለት ነው።

ገና በአገልግሎት ላይ ላሉ የተሻለ ዕድል አለ፤ ከመውጣታቸው ከ180 እስከ 90 ቀን በፊት ባለው ጊዜ ማመልከት ይችላሉ። ከወጡ ገና ዓመት ያልሞላዎት ከሆነም ፈጠን ይበሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የቀረበ ጥያቄ ከተፈቀደ የሚከፈለው ከወጡበት ማግሥት ጀምሮ ነው።

በየትኛው መንገድ ነው የሚሄዱት?

ቪኤ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፤ ዛሬ ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ወቅት የሆነ ነገር፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ማስረጃ። ማያያዣው በአራት መንገዶች ሊቀርብ ይችላል።

ቀጥተኛው መንገድ ግፊቱ የጀመረው በአገልግሎት ላይ ሳሉ መሆኑን ማሳየት ነው። ያን ጊዜ «ግፊት» የሚል ስም በሐኪም መጻፉ ግዴታ አይደለም፤ ከፍ እያሉ የሄዱ ልኬቶች መኖራቸውና ኋላ ላይ ሐኪም የዚህ ሕመም መነሻ መሆናቸውን ማስረዳቱ ይበቃል።

ሁለተኛው የአንድ ዓመት መንገድ ነው። ቢያንስ 90 ቀን ያለማቋረጥ ያገለገለ ሰው ከወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ግፊቱ 10 በመቶ በሚያሰጥ መጠን ከታየ፣ ቪኤ ከአገልግሎት የመጣ አድርጎ ይወስደዋል። በቅርብ የወጣ ወንድም ወይም ልጅ ካለዎት በዚያ ዓመት ግፊቱን በክሊኒክ እንዲለካ፣ ቁጥሩም እንዲጻፍለት ይምከሩት።

ሦስተኛው የኤጀንት ኦሬንጅ፣ ማለትም በቬትናም ጦርነት የተረጨው ቅጠል አርጋፊ ኬሚካል፣ መንገድ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2018 በኬሚካሉና በደም ግፊት መካከል በቂ የግንኙነት ማስረጃ እንዳለ ገለጹ፤ ነሐሴ 2022 የተፈረመው ፓክት አክት የተባለው ሕግ ደግሞ ግፊትን በሕግ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ከጥር 9፣ 1962 እስከ ግንቦት 7፣ 1975 ቬትናም የነበረ፣ ወይም በሕጉ በተጠቀሱት ሌሎች ቦታዎችና ጊዜያት ያገለገለ ሰው የሐኪም ማያያዣ ደብዳቤ አያስፈልገውም። ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱ ግን እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ በዚያው ሕግ የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስ ያመጣቸዋል ተብለው ከተዘረዘሩት ሕመሞች ውስጥ ደም ግፊት የለም። ጭሱን እንደ ምክንያት ማቅረብ ይችላሉ፤ ማስረዳቱ ግን የእርስዎና የሐኪምዎ ሥራ ነው።

አራተኛው፣ ከ2001 በኋላ ያገለገለው ትውልድ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው፣ ተከትሎ የመጣ ሕመም የሚባለው መንገድ ነው። ቪኤ አስቀድሞ የተቀበለልዎ ሌላ ሕመም ካለ ግፊቱ ከእርሱ መጣ ወይም በእርሱ ተባባሰ ብለው ይጠይቃሉ። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ለዓመታት አይቡፕሮፌን ወይም ናፕሮክሰን የወሰደ ወታደር ስንቱ ነው! እነዚህ መድኃኒቶች ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህን የራሳቸው ማሸጊያ ወረቀት ይናገራል። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥም ከግፊት ጋር ያለው ግንኙነት በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ የኩላሊት ሕመምም እንዲሁ። ከጦርነት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጉዳት፣ ማለትም ፒቲኤስዲ፣ ብዙ ክርክር ስለሚነሣበት ምክንያቱን ጠንክሮ የሚጽፍ ሐኪም ይፈልጋል።

የክብደት መጨመርም በር ይከፍታል። የቪኤ ዋና የሕግ አማካሪ በ2017 በሰጠው አስተያየት ውፍረት ራሱ ካሳ የሚያስከፍል ሕመም ባይሆንም በሁለት ሕመሞች መካከል እንደ ድልድይ ሊቆጠር ይችላል። የተጎዳ ጉልበት መሮጥ ከለከለ፣ ክብደት ጨመረ፣ ክብደቱ ግፊት አመጣ፤ ይህ ሰንሰለት በሐኪም ተጽፎ ሲቀርብ ተቀባይነት አለው።

ከመንገዶቹ አንዱን ብቻ መምረጥ የለብዎትም። በአገልግሎት ላይ የተጻፈ ከፍተኛ ልኬትም የእንቅልፍ ትንፋሽ ችግርም ካለዎት ሁለቱንም ማመልከቻው ላይ ይጻፉ።

ወረቀቱን ማደን

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነውም እርሱ ነው። ዲዲ-214 ተብሎ የሚታወቀው የስንብት ወረቀትዎ በእጅዎ ይኑር። ከዚያ የአገልግሎት ዘመን የሕክምና መዝገብዎን ሙሉውን ይጠይቁ። ቪኤ ስለ እርስዎ የያዘውን ፋይል ደግሞ በቅጽ 20-10206 ማግኘት ይቻላል። «ቪኤ ራሱ ያመጣዋል» ማለት አይበቃም፤ ያመጣዋል፣ ግን በመቶዎች ከሚቆጠሩት ገጾች መካከል የእርስዎን 102 ፈልጎ የሚያሰምርበት ሰው መኖሩን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

የአንድ ዘመዴን መዝገብ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ሁለት ምሽት አንብበናል። እርሱ የጠበቀው ቁጥሩን በውስጥ ደዌ ሕክምና ገጾች ላይ ነበር። ያገኘነው በጥርስ ክሊኒክ፣ በቁርጭምጭሚት ወለምታ ቀን በተጻፈ የድንገተኛ ክፍል ወረቀትና በዓይን ምርመራ ላይ ነው። ግፊት በየክሊኒኩ ስለሚለካ ግፊትን የማይመለከቱ የሚመስሉ ገጾችን አይዝለሉ። ከአገልግሎት ሲወጡ የተሞሉትን ዲዲ 2807 እና 2808 የተባሉትን የጤና ቅጾችም በጥንቃቄ ይዩ።

ያገኙትን በአንድ ገጽ ላይ በቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ላይኛው፣ ታችኛው፣ የመዝገቡ ገጽ ቁጥር። መድኃኒት የጀመሩበት ቀን ላይ ወፍራም መስመር ያስምሩ። ከመስመሩ በላይ ካሉት ልኬቶች የሚበዙት በታችኛው ቁጥር 100 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ የ10 በመቶው ማስረጃ በእጅዎ ነው። አንድ 102 ብቻ ካለና ሌሎቹ 88 እና 92 ከሆኑ «በአብዛኛው» የሚለው ቃል አይሞላም፤ ሆኖም ግፊቱ በአገልግሎት ላይ መጀመሩን ለማሳየት ያገለግላል። ሁለቱን ጥያቄዎች አይቀላቅሉ።

የግል ሐኪምዎ መዝገብም ያስፈልጋል። ራስዎ ቢያመጡት ይፈጥናል፤ ካልቻሉ በቅጽ 21-4142 ቪኤ እንዲጠይቅልዎ ይፈቅዳሉ። ለእረፍት አዲስ አበባ ሄደው ግፊትዎ ከፍ ብሎ ክሊኒክ ገብተው ከሆነ ያም ወረቀት ማስረጃ ነው። የሕክምና ወረቀቶች በእኛም አገር በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ ችግር የለውም፤ በአማርኛ የተጻፈውን ግን ከእንግሊዝኛ ትርጉምና ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር ያያይዙት።

በቤትዎ ግፊትዎን በደብተር ይመዝግቡ። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ ይቅር፤ አምስት ደቂቃ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን መሬት አስነክተው፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል አስቀምጠው በዝምታ ይቀመጡ። ሁለት ጊዜ ለክተው ሁለቱንም ይጻፉ።

የሐኪሙ ደብዳቤና የቤተሰብ ቃል

ማያያዣ ደብዳቤ የሚጽፍልዎት ሐኪም መዝገብዎን ማንበቡን መግለጽ አለበት። ቀጥሎ ግፊቱ ከአገልግሎት ወይም ከሌላው ሕመም የመምጣቱ ዕድል «ቢያንስ ሃምሳ በመቶ» መሆኑን በግልጽ መጻፍ አለበት። ቪኤ እርግጠኝነትን አይጠይቅም፤ ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን ሕጉ ለወታደሩ ያደላል። «ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ ግን ሚዛኑን አይደፋም። ሦስተኛውና ዋናው ነገር «ለምን?» የሚለው ነው። ምክንያት የሌለው አንድ መስመር ፊርማና ማኅተም ቢኖረውም ክብደቱ ትንሽ ነው። በቤተሰብዎ ግፊት ያለበት ሰው ካለ ሐኪሙ ይህን ሳይሸሽ ይጥቀሰው፤ ያም ሆኖ ለምን የአገልግሎቱ ወይም የሌላው ሕመም ድርሻ እንዳለ ያስረዳ። ተከትሎ የመጣ ከሆነ «አመጣው» የሚለውንም «አባባሰው» የሚለውንም ለየብቻ መመለስ አለበት።

የትዳር ጓደኛዎ፣ እናትዎ ወይም አብሮዎት ያገለገለ ጓደኛ በቅጽ 21-10210 ምስክርነት ሊሰጡ ይችላሉ። ስለ በሽታው ስም ሳይሆን ያዩትን ይጻፉ። «በ2014 ከሥራ ሲመለስ ራሱን እያመመው ይተኛ ነበር፤ በክሊኒክ ግፊቱ ከፍ ማለቱን ነግሮኛል» የሚለው «ባለቤቴ ደም ብዛት አለበት» ከሚለው እጅግ ይሻላል።

ማስገባትና ረዳት መምረጥ

ማመልከቻው ቅጽ 21-526ኢዚ ነው። ሲጽፉ «ደም ግፊት፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ምክንያት የመጣ ወይም የተባባሰ» ብለው መንገዱን ይጥቀሱ።

ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብልዩ የመሳሰሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት እውቅና ያላቸው ተወካዮች አሏቸው፤ ያለ ክፍያ ይረዳሉ። በማኅበረሰባችን ውስጥ «እኔ አስጨርስልሃለሁ፣ ከሚመጣው እንካፈላለን» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ቪኤ የሰጠው እውቅና እንዳለው ይጠይቁ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ማንም ገንዘብ እንዲያስከፍል ሕጉ አይፈቅድም። ጠበቃ ክፍያ መጠየቅ የሚችለው ቪኤ አንድ ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው፤ ከውዝፍ ክፍያው እስከ 20 በመቶ መውሰዱ ምክንያታዊ ተብሎ ይገመታል።

የምርመራው ቀን

ቀጠሮው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቪኤ ከቀጠረው የግል ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ከማያውቁት ቁጥር የመጣ ጥሪ አይዝጉ። ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ጥያቄውን ሊያስጥለው ይችላል። መድኃኒትዎን እንደ ወትሮው ወስደው ይሂዱ።

መርማሪው በሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የታችኛው ግፊት በአብዛኛው 100 ወይም ከዚያ በላይ የነበረበት ታሪክ አለ?» የ10 በመቶው ዕጣ በአብዛኛው በዚህች መስመር ላይ ነው። ያዘጋጁትን የአንድ ገጽ ዝርዝር አስቀድመው ወደ ቪኤ ፋይል ያስገቡት፤ ኮፒውንም ይዘው ይሂዱና «ከመድኃኒት በፊት የነበሩት ልኬቶች እነዚህ ናቸው» ብለው ያሳዩ።

እኛ ያደግነው «እንዴት ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እያልን ነው። መልካም ባህል ነው፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን መርማሪው ቃል በቃል ጽፎ «ምንም አይሰማውም» ያደርገዋል። ምስጋናውን አቅርበው እውነቱን ይቀጥሉ፤ መድኃኒቱ እግርዎን ያሳብጥ እንደሆነ፣ ያዞርዎት እንደሆነ፣ መቼ እንደተጀመረ። አይጨምሩ፣ አይቀንሱ።

ደብዳቤው ሲመጣ

መጀመሪያ ቀኑን ይክበቡ፤ የይግባኝ አንድ ዓመትዎ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ቪኤ የተቀበላቸውን ነጥቦች የሚዘረዝረውን ክፍል ይፈልጉ። «ግፊት እንዳለብዎ ተረጋግጧል» ተብሎ ከተጻፈ ግልጽ ስሕተት ካልታየ በስተቀር በኋላ የሚመጡ ውሳኔ ሰጪዎችም ይገደዱበታል፤ ስለዚህ እርሱን ትተው ወደጎደለው ነገር ይሂዱ። የጎደለው ሕመሙ ነው፣ በአገልግሎት የሆነው ነገር ነው፣ ወይስ ማያያዣው? የመርማሪውን ሪፖርትም ይጠይቁና ያንብቡ። «የዚህ ግፊት ምክንያት አይታወቅም» ብሎ ያለፈ፣ «አባባሰው ወይ?» የሚለውን ጭራሽ ያልመለሰ፣ በመዝገቡ ያሉትን ልኬቶች ያልጠቀሰ ሪፖርት ጉድለት አለበት። ቪኤ ምርመራ ካዘዘ ምርመራው በቂ እንዲሆን ግዴታ አለበት፤ ባር በተባለው የ2007 መዝገብ ፍርድ ቤቱ ይህን አጽንቶታል።

ሦስቱ የይግባኝ መንገዶች

ከየካቲት 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ሥርዓት ሦስት በሮች አሉት። የትኛውን እንደሚመርጡ የሚነግርዎ የጎደለው ነገር ነው።

አዲስ ማስረጃ ካለዎት ተጨማሪ ማመልከቻ ነው፤ ቅጽ 20-0995። ማስረጃው አዲስና ጉዳዩን የሚመለከት መሆን አለበት። የሐኪም ደብዳቤ ሳይኖር የወደቀ ጥያቄ አሁን ደብዳቤ ካገኘ በሩ ይህ ነው። ለደም ግፊት ጉዳይ እኔ በአብዛኛው የምመርጠው ይህን ነው፤ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የጎደለው የሐኪም ቃል ስለሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላም ማስገባት ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያው የክፍያ መነሻ ቀን ይጠፋል።

ማስረጃው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ እያለ ቪኤ በትክክል ካላየው በከፍተኛ ገምጋሚ እንዲታይ በቅጽ 20-0996 ይጠይቁ። አዲስ ወረቀት መጨመር አይቻልም። ቅጹ ላይ የስልክ ውይይት የመጠየቂያ ሣጥን አለ፤ ምልክት ያድርጉበት። ሲደወልልዎ ብሶት ለመዘርዘር ጊዜ አይበቃም፤ «በገጽ ይህን ያህል ላይ በእነዚህ ሦስት ቀናት የታችኛው ግፊት 100፣ 104፣ 102 ተጽፏል፤ መርማሪው ግን ታሪክ የለም ብሏል» ይበሉና ያቁሙ። ገምጋሚው ምርመራው ጎደሎ እንደነበር ከተቀበለ ጉዳዩ ተመልሶ እንዲስተካከል ያዛል። ለእነዚህ ሁለት መንገዶች ቪኤ ያስቀመጠው የጊዜ ግብ በአማካይ 125 ቀን ነው።

ሦስተኛው ዳኛ ወደሚያየው የይግባኝ ቦርድ መሄድ ነው፤ ቅጽ 10182። እዚያም ምርጫ አለ፤ ባለው ማስረጃ ብቻ እንዲታይ፣ በ90 ቀን ውስጥ ማስረጃ ጨምሮ እንዲታይ፣ ወይም ዳኛ ፊት ቀርቦ መናገር። ችሎት የመረጠ ረጅም ጊዜ እንደሚጠብቅ ይወቅ። የሕግ ትርጉም ላይ ክርክር ያለበት ወይም የሁለት ሐኪሞች ቃል የሚጋጭበት ጉዳይ ለዚህ ይስማማል።

ለገምጋሚውም ለቦርዱም ገደቡ አንድ ዓመት ነው። አንዱ ቢወድቅ ከእያንዳንዱ ውሳኔ በኋላ ባለው የአንድ ዓመት ገደብ ውስጥ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ከቀጠሉ የመጀመሪያው የመነሻ ቀን ይጠበቅልዎታል፤ ከከፍተኛ ገምጋሚ በኋላ ግን ወዲያው እንደገና ወደ ገምጋሚ መመለስ አይቻልም። ቦርዱም ካልተቀበለ ከቪኤ ውጭ የሆነው የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት አለ፤ እዚያ ያለው ጊዜ 120 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ደረጃ ጠበቃ ይያዙ፤ ካሸነፉ የጠበቃው ክፍያ በሕግ ከመንግሥት ሊጠየቅ ይችላል።

0 በመቶ ከመጣ

«ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ፣ 0 በመቶ» የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው ቀዳደው የጣሉ ሰዎች አሉ። አይጣሉት። ለግፊቱ የሚሰጠው የቪኤ ሕክምናና መድኃኒት ያለ ክፍያ ይሆናል፤ ወደፊት ኩላሊት ወይም ልብ ቢታመም መነሻው ተመዝግቧል። ከመድኃኒት በፊት የነበሩት ልኬቶች ካልታዩ ለመቶኛው ብቻ ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ ግፊቱ ከከፋም በኋላ ጭማሪ ይጠየቃል።

ጡረታቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ለሚያስቡ ደግሞ ይህች 0 ሌላ ጥቅም አላት። ቪኤ ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖሩ ወታደሮች የሚያካሂደው የውጭ አገር ሕክምና መርሐ ግብር ከአገልግሎት ጋር ለተያያዙ ሕመሞች የሚወጣውን ወጪ ይሸፍናል፤ መቶኛው 0 ቢሆንም። ምዝገባው በቅጽ 10-7959ኤፍ-1 ነው፤ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጨርሱት። ከዚያም አዲስ አበባ ሲደርሱ የመድኃኒት ቤቱን ደረሰኝና የሐኪሙን ወረቀት አንድም ሳይጥሉ ከግፊት ደብተርዎ ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ።